ሰባት ጫማ ጥላ

መሪጌታ መርስዔ ኀዘን በደቅ ደሴት በሁለት ነገር ይታወቃሉ፤ በባሕረ ሐሳብ ዕውቀታቸውና በግትርነታቸው። የትኛው እንደሚበልጥ የደብሩ ካህናት ተስማምተው አያውቁም። የዓመቱን ጾምና በዓል፣ የፀሐይን መንገድና የጨረቃን ሌሊት በጣታቸው አንጓ እየቆጠሩ ሲያወጡ ያያቸው ሰው፣ ፀሐይ ከመውጣቷ በፊት እሳቸውን የምታስፈቅድ ነው የሚመስለው።

ከዓመቱ ቀኖች ሁሉ አንዷን ይወዷታል፤ መጋቢት ሃያ አምስትን። በመጽሐፋቸው ቆጠራ በዚያች ዕለት ቀንና ሌሊት ይተካከላሉ፤ በማግስቱ ጸደይ ይገባል። አንድያ ልጃቸው አገኘሁ በእግሩ መሄድ ከጀመረ ወዲህ፣ በየዓመቱ በዚያች ዕለት ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ያቆሙታል። የጥላው ራስ ከወደቀበት ድንጋይ ያኖሩና በራሱ ጫማ ያስለኩታል፤ ተረከዝ ከአውራ ጣት እያገጣጠመ። ሰባት ይሆናል። በዓመቱም ሰባት። ልጁ ቁመቱ ጨምሮ ቁጥሩ አልጨምር ሲለው ግራ ይገባዋል። «ጥላህ ሲረዝም እግርህም አብሮ ይረዝማል» ይሉታል፤ «ሸምግለህም ብትለካው ሰባት ነው።» ልጁ ይስቃል። ሌላ ቀን ጥርሳቸው የማይታየው መሪጌታም አብረውት ይስቃሉ።

ይኸው ልጅ ባሕር ዳር ተምሮ የጂኦግራፊ መምህር ሆነና በአንድ መጋቢት ለጥየቃ ወደ ደሴቱ መጣ። መምጣቱስ ባልከፋ፤ ይዞት የመጣው ነገር ነው የከፋው። ቀንና ሌሊት የሚተካከሉት በአሥራ ሁለት እንጂ በሃያ አምስት አይደለም አለ። ብሎም አላበቃ፤ በግቢው መካከል በትር ተክሎ፣ የማለዳው ጥላና የማታው ጥላ በአንድ መስመር ሲጋደሙ በአባቱ ተማሪዎች ፊት አሳየ። መሪጌታ በዓይናቸው አዩት። ያናደዳቸውም ማየታቸው ነው። ባያዩትማ ኖሮ ስቀው ባለፉት ነበር።

«ከአባትህ ቀን የተሻለ ቀን ካገኘህ፣ ከአባትህ ቤት የተሻለ ቤትም ፈልግ» አሉት፣ ሁሉም እየሰማ።

አገኘሁ በመጣበት መርከብ ተመለሰ፤ ከዚያ ወዲህ ሦስት ዓመት ደቅን አልረገጠም። መሪጌታ ቃሉ ከአፋቸው በወጣ ሰዓት ተጸጽተዋል፤ ግን ጸጸታቸውን ለባለቤታቸው ለወይዘሮ ወለተ ሩፋኤል እንኳ ሳይነግሩ ዋጥ አድርገው ይዘውት ኖሩ። በየመጋቢቱ ሃያ አምስት ግን ግቢው መካከል ብቻቸውን ቆመው ሲተክዙ ሴትዮዋ በመስኮት ያዩዋቸዋል።

ከዚያ አሥራ ዘጠኝ መቶ ሰባ ዓመተ ምሕረት ደረሰ። በባሕር ዳር የተማረ ወጣት ያለው ቤት ሁሉ በር በተንኳኳ ቁጥር ነፍሱ የምትወጣበት ዘመን ነበር። አገኘሁ ተማሪዎቹን አሳድሟል ተብሎ እንደሚፈለግ ወሬው ደሴቱ ድረስ መጣ። ከዚያም ወሬው ራሱ ቆመ። ይሙት ይኑር የሚያውቅ ጠፋ።

መጋቢት በገባ ሰሞን፣ ከባሕር ዳሩ የፋሲሎ ሰፈር ጨውና ክር እየጫነች የምትመጣው ነጋዴዋ ሀቢባ ከመርከብ ወርዳ ወደ ገበያው አልሄደችም። ወደ መሪጌታ ቤት መጣች። ተቀመጪ ቢሏት አልተቀመጠችም።

«ልጅዎ በሕይወት አለ፣ የኔታ» አለች። «ከጨው መጋዘኔ፣ ከጆንያው ጀርባ ነው ያለ።»

ወይዘሮ ወለተ ሩፋኤል ግድግዳውን ተደገፉ። መሪጌታ ግን ልጁ ያለበትን ቦታ ሲሰሙ ከደስታው ይልቅ ፍርሃቱ ቀደማቸው። «ማን ያውቃል?» ብለው ጠየቁ።

«እኔና አላህ። ሁለት ጊዜ ፈትሸውኛል። ለሦስተኛ ሲመጡ ጆንያውን ሁሉ ማውረዳቸው አይቀርም። ከዚህ ወር በላይ ላቆየው አልችልም፤ ልጆች አሉኝ።»

«መቼ እንውሰደው?»

«ቀኑን አልነገረኝም። ‹ቢይዙሽ የማታውቂውን አያወጡብሽም› አለኝ። ‹ቀንና ሌሊት በሚተካከሉበት ዕለት፣ ፀሐይ ስትገባ፣ ከሾላዋ ሥር ታንኳ ይዘው ይጠብቁኝ በያቸው፤ እሳቸው ያውቁታል› ነው ያለኝ።» ነጠላዋን አስተካክላ ወደ በሩ ዞረች። «እኔ ከእንግዲህ ወደዚህ አልመጣም። ብመላለስ ይጠረጥሩኛል።»

ሀቢባ ከወጣች በኋላ ባልና ሚስት ተያዩ። ሾላዋን ያውቋታል፤ ከከተማው ዳር፣ ደንገሉ ከበቀለበት፣ የደቅ ሰዎች ገበያ ሲሄዱ ታንኳቸውን የሚያስሩባት ዛፍ ናት። ከዚያ ልጁን በታንኳ ይዞ በሐይቁ ሰሜን ዳር ማውጣት፣ ከዚያ ማክሰኝት ካለው ከወለተ ሩፋኤል ወንድም ቤት ማድረስ፣ ከዚያ በኋላ ሱዳን ነው። መንገዱ ግልጽ ነበር። ቀኑ ግን የማን ቀን ነው?

«በእርስዎ ቀን ነው የሚመጣ» አሉ ወይዘሮ ወለተ ሩፋኤል።

«በዚያ ቀን ምክንያት ከቤቴ የወጣ ልጅ በእኔ ቀን ይመጣል? መምህር ነው። የሚያምንበትን ነው የሚለው» አሉ መሪጌታ። «በአሥራ ሁለት እሄዳለሁ። ካልመጣ በሃያ አምስት እመለሳለሁ። አስቀድሞ መገኘት ምን ይጎዳል?»

ነገሩ ሲሰሙት ልክ ነው። ሴትዮዋም በሶ ጨብጠው፣ ቆሎ ቋጥረው ሸኟቸው።

መሪጌታ በወጣትነታቸው ታንኳ የቀዘፉ ሰው ናቸውና ክንዳቸው ሥራውን አልረሳም። ዘጌ አድረው፣ በአሥራ ሁለት ከሰዓት በኋላ ከሾላዋ ሥር ደረሱ። ታንኳቸውን ደንገሉ ውስጥ አስገብተው አሰሩ። ከዛፉ ጥላ ወጣ ብለው መቋሚያቸውን መሬት ላይ ተከሉና ቆሙ፤ የጠየቀ ቢኖር የሚመልሱትን አዘጋጅተዋል። ፀሐይዋ ከውሃው ማዶ ዝቅ እያለች ስትሄድ፣ በደንገሉ መካከል የተንቀሳቀሰውን ወፍ ሁሉ ልጄ ነው እያሉ ልባቸው ይዘላል። ሦስት ዓመት ሙሉ ያላሉትን «ይቅር በለኝ» በሆዳቸው እየደጋገሙ ያጠኑት ነበር፤ ሲገናኙ እንዳይጠፋባቸው።

«አባ፣ እዚህ ምን ይሠራሉ?»

ድምፁ ከኋላቸው ነው። ዞሩ። ጠመንጃ ያነገተ፣ ክንዱ ላይ ቀይ ጨርቅ ያሰረ ቀጭን የአብዮት ጠባቂ ቆሟል። ከሃያ አምስት ዓመት አይበልጥም።

«ጥላ እለካለሁ» አሉ መሪጌታ።

«አሁን የምን ጥላ ነው? የጾም መፍቻው ሰዓት አልፏል፤ ሰው ሁሉ በልቷል።» ጠባቂው ፈገግ አለ። «አይግረምዎ፣ የኔታ። ቆሎ ተማሪ ነበርሁ። አንለይ ነው ስሜ። ዜማ ላይ ሳለሁ ነው የተውሁት።»

ያዘጋጁት መልስ ለማያውቅ ሰው እንጂ ለሚያውቅ አልነበረም። መሪጌታ የመጣላቸውን ተናገሩ። «ዛሬ ቀንና ሌሊት የሚተካከሉበት ዕለት ነው። እሱን ላይ ብዬ ነው።»

የአንለይ ፈገግታ ቀስ እያለ ጠፋ። «እሱማ በሃያ አምስት ነው። እኔ እንኳ አልረሳሁት፤ የኔታችን በአርጩሜ ነው ያስያዙኝ።» ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ። «መሪጌታ ሆነው ይኸ ይጠፋዎታል? ማንን ነው የሚጠብቁ?»

ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲያስተምሩት የኖሩት ቀን ዞሮ አንገታቸውን ያዘ። ያን ጊዜ ልጁ ከደንገሉ ብቅ ቢል ሁለቱም አለቀላቸው። መሪጌታ ከተተከለው መቋሚያ አጠገብ ጎንበስ አሉና ጥላውን በእጃቸው አመለከቱ፤ ከዚያ በሕይወት እያሉ ከአፋቸው ይወጣል ብለው ያላሰቡት ነገር ወጣ።

«የያዝኸው ልክ ነው፤ መጽሐፉ ሃያ አምስት ነው የሚል። ግን ፀሐይ በየዓመቱ ከቆጠራችን ጥቂት ጥቂት ትቀድማለች። የአንድ ዓመቱ አይታወቅም፤ የብዙ መቶ ዓመቱ ግን ተጠራቅሞ ይኸን ያህል ቀን ሆነ። መጽሐፉን የጻፉት አባቶች በዘመናቸው አልተሳሳቱም፤ ሰማዩ ነው ጥሏቸው የሄደ። በእኩሉ ቀን የማለዳው ጥላና የማታው ጥላ በአንድ መስመር ይተኛሉ። ዛሬ ነው እንዲህ የሚሆን።»

እያንዳንዱ ቃል የአገኘሁ ነበር። ያን ጊዜ በቁጣ ጆሮ ዳባ ልበስ ያሉት መስሏቸው ነበር፤ ለካ አንድም አላመለጣቸውም። ልጃቸው እንዲህ ሲሉ ቢሰማቸው ምን ነበረበት ብለው ተመኙ።

አንለይን ነገሩ ሳይወድ በግዱ ስቦታል፤ የተወው ትምህርት በልቡ አልሞተም ነበር። ግን ሥራውንም አልረሳም። ከዳር ድንጋይ እየለቀመ በመቋሚያው ጥላ ላይ በረድፍ ደረደረ።

«በሃያ አምስት ይኸን ሰዓት ተመልሰው ይምጡ» አለ። «መቋሚያውን እዚሁ ቦታ ተክለን እናየዋለን። ጥላው ያን ቀንም ከድንጋዩ ላይ ከወደቀ ዋሽተውኛል። ከድንጋዩ ከወጣ አምንዎታለሁ። እስከዚያ መቋሚያዎ እኔ ዘንድ ትቆያለች። ቢቀሩ ደግሞ ደቅ ሩቅ አይደለም፤ መርከብ አለን።»

ፀሐይዋ ገባች። አገኘሁ አልመጣም።

ወደ ዘጌ ሲቀዝፉ ነው ነገሩ የገባቸው። ልጁ ካልተያዘ በቀር የሚመጣው በሃያ አምስት ነው፤ ሚስታቸው እንዳሉት። በሃያ አምስት ደግሞ፣ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ሰዓት፣ እሳቸው ራሳቸው የጠሩት ጠመንጃ ይጠብቀዋል። አስቀድሞ መገኘት ምን ይጎዳል ብለው ነበር። መቅዘፊያውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡና ውሃው እንደወሰዳቸው ዝም ብለው ተቀመጡ።

ወይዘሮ ወለተ ሩፋኤል የሆነውን ሁሉ ሰምተው «ብዬዎ ነበር» አላሉም። ቢሉ ይሻላቸው ነበር ለመሪጌታ። መልእክት የሚልኩበት ሰው አልነበረም፤ ሀቢባ አትመጣም፤ ሌላ ሰው መላክ የልጁን ነፍስ በሰው እጅ መስጠት ነው። መሪጌታ እህል አልወርድ አላቸው። ቀን ቀን ከግቢው በትር ተክለው፣ ጎንበስ ብለው ጥላ ሲለኩ ይውላሉ፤ ካህናቱም ሰውየው በጾም ብዛት ነካ ሳያደርጋቸው አልቀረም ተባባሉ።

አንድ ቀን እንዲህ ጎንብሰው ሲቆጥሩ፣ ከፊታቸው መሬት ላይ የሰው ጥላ ወደቀ። ደንግጠው ዞሩ። ወለተ ሩፋኤል ውሃ ይዘው ከኋላቸው ቆመዋል።

«መቼ መጣሽ?»

«ከቆምሁ ቆየሁ። ጥላ ሲለኩ ጀርባዎን ለፀሐይ ነው የሚሰጡ፤ ከኋላ ሠራዊት ቢያልፍ አያዩም።»

መሪጌታ ውሃውን ተቀብለው አልጠጡትም። ሚስታቸውን ትኩር ብለው አዩ። ሴትዮዋም ያሉት ነገር ለራሳቸው ገባቸው። ማታ ፀሐይ በውሃው በኩል ትገባለች፤ ጥላ ወደ የብስ ይወድቃል። የሚለካው ሰው ጀርባውን ለሐይቁ ይሰጣል፤ ታንኳዋም ያለችው ከሐይቁ ነው።

«እንግዲህ እርስዎ ወደ ኋላ እንዳይዞሩ» አሉ ወለተ ሩፋኤል። «እርስዎ ከዞሩ እሱም ይዞራል። እኔ አውቅዎታለሁ፤ ልጅዎን ሳያዩ መቅረት አይሆንልዎትም።»

«አልዞርም» አሉ መሪጌታ።

በሃያ አምስት ከሾላዋ ሥር ሲደርሱ አንለይ መቋሚያውን ይዞ ቀድሟቸው ቆሟል። ታንኳዋን አስረው ወጡ። በውስጧ በሶና ቆሎ፣ አንድ ጋቢና መቅዘፊያው አሉ። ደንገሉ ዝም ብሏል። ልጃቸው እዚያ ውስጥ ይኑር አይኑር አያውቁም፤ ካለ ግን አባቱን ከጠመንጃ ጋር ቆሞ ሲያይ ምን እንደሚያስብ ያውቃሉ። ቃሉን ከቤታቸው ሲያዘጋጁ ነበር የሰነበቱት። ድምፃቸውን ቅዳሴ ላይ እንደሚያወጡት አወጡት።

«ታንኳዬ ከሾላዋ ሥር ናት፤ መቅዘፊያውም ስንቁም ከውስጧ ነው። የሚሰርቀኝ አይኖርም?»

«ምን ያስጮህዎታል፣ የኔታ? አጠገብዎ ነኝ» አለ አንለይ።

«ጆሮዬ ደከመ። ጆሮው የደከመ ሰው ይጮሃል።»

መቋሚያውን በቀድሞው ጉድጓድ ተከሉት። ጥላው በሣሩ ላይ ረጅም ሆኖ ተዘረጋ። ከድንጋዮቹ ረድፍ ሥሩ ላይ ገጥሟል፤ እየራቀ ሲሄድ ግን ወደ ቀኝ ሸሽቶ ድንጋዮቹን ብቻቸውን ትቷቸዋል። አንለይ አጎንብሶ አየና ራሱን ነቀነቀ።

«ወጥቷል» አለ። «እውነት ነው።»

«ገና ነው» አሉ መሪጌታ። «ልክ በምትገባበት ሰዓት ጫማውን መቁጠር አለብህ። ከሥሩ ጀምር፤ ተረከዝህን ከአውራ ጣትህ እያገጣጠምህ እስከ ጫፉ ሂድ። ዓይንህን ከእግርህ አትንቀል። ወደ ኋላ ከዞርህ ፀሐይዋ ዓይንህን ትወስደውና ቁጥሩ ይጠፋሃል። እኔም መቋሚያውን ይዤ እዚሁ ነኝ፤ አልዞርም።» የመጨረሻዋን ቃል ከሁሉ ይልቅ ጮኸው አሏት።

አንለይ ጠመንጃውን በጀርባው አዛወረና መቁጠር ጀመረ። «አንድ። ሁለት። ሦስት።» እየራቀ ሄደ፤ ፊቱ ወደ ምሥራቅ፣ አንገቱ ወደ መሬት። መሪጌታ መቋሚያቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ቆሙ። የፀሐይዋ ሙቀት ማጅራታቸው ላይ ነው። ቁጥሩ አሥርን አለፈ። ሃያን አለፈ። ከኋላቸው አንድም ድምፅ የለም። አልመጣም፣ ተይዟል፣ ወይ እኔን አይቶ ሸሽቷል አሉ በልባቸው።

ከዚያ ደንገሉ ተንሿሿ፤ በስተግራቸው ሣሩ ላይ አንድ ጥላ ብቅ አለ።

ረጅም ነበር፤ የትየለሌ። ቀስ እያለ ከግራ ወደ ቀኝ መሻገር ጀመረ። የግራ ትከሻው ከቀኙ ዝቅ ይላል፤ ሲራመድ ራሱን እንደ መስበር ያደርጋል። ያን ጥላ ከጨቅላነቱ ጀምረው በየዓመቱ ድንጋይ እያኖሩ የለኩት እሳቸው ናቸው። በሺህ ሰው መካከል ያውቁታል። ከኋላቸው፣ ቢጠሩት በሚሰማበት ርቀት ላይ፣ ልጃቸው እየሄደ ነው፤ አንገታቸውን ትንሽ ቢያዞሩ ፊቱን ያያሉ። ያጠኑትን «ይቅር በለኝ» ዋጡት። አልዞሩም። መቋሚያቸውን ጠበቅ አድርገው ያዙ።

ጥላው የመቋሚያውን ጥላ ሊሻገር ሲደርስ ቆመ። የልጁ ጥላ ከአባቱ ጥላ ጎን ሣሩ ላይ ተኛ። ጎንበስ አለ፤ እጅ የሚነሣ ሰው እንደሚያደርገው ዝቅ ብሎ ጎነበሰ። ከዚያ ቀና ብሎ አለፈ፤ አልፎም በአንለይ ጀርባ ላይ፣ ከእግሩም ፊት በሣሩ ላይ ተዘረጋ።

«አርባ ሁለት» አለ አንለይ። እግሩ ባለበት ቆመ። የሚያልፈውን ጥላ አየ። «አርባ ሁለት» አለ ደግሞ፤ አሁን ድምፁ ሌላ ነበር። እጁ ወደ ጠመንጃው ማንገቻ ሄደ።

መሪጌታ ያዘጋጁት ቃል ሁሉ አልቆ ነበር።

አንለይ ዓይኑን ከእግሩ አላነሣም። ጥላው አልፎት እስኪሄድ ማንገቻውን እንደያዘ ቆየ። ከኋላ የታንኳ ገመድ ሲፈታ፣ ደንገል ከደንገል ሲተሻሽ፣ መቅዘፊያ ውሃ ሲመታ ሁለቱም ሰሙ። «አርባ ሁለት» አለ አንለይ ለሦስተኛ ጊዜ፤ እጁንም አወረደ። ፀሐይዋ እስክትገባ፣ ጥላ ሁሉ ከመሬት እስኪጠፋ፣ ከዚያች ቁጥር አላለፈም።

ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። ወደ መሪጌታ እንጂ ወደ ሐይቁ አላየም።

«ቆጠራው ጠፋብኝ» አለ።

«ይጠፋል።»

«ጥላው ግን ከድንጋዩ ወጥቷል። እንግዲህ ልክ ማን ነው? የኔታችን በአርጩሜ ያስያዙኝ፣ እርስዎ ያስተማሩት፣ ሁሉም ሃያ አምስት ነው። አሥራ ሁለትን ያለው ማን ነው?»

«ልጄ ነው» አሉ መሪጌታ። «ልክ የሆነው ልጄ ነው።» አሁን ነው እንባቸው የመጣው፤ ለመጥረግም አልሞከሩም።

አንለይ አሁን ወደ ደንገሉ ዞረ። «ታንኳዎ የለችም፣ የኔታ» አለ በመጨረሻ።

«አዎ፣ የለችም።»

«የደንገል ታንኳ ውሃ ሲበዛባት ትሰምጣለች። ሰምጣ ነው» አለና መቋሚያውን ነቅሎ ሰጣቸው። «ሰዓት እላፊ ሳይደርስ ከዚህ ይሂዱ። እኔ ዛሬ እዚህ ሰው አላየሁም፤ እርስዎንም።»

በሳምንቱ መርከብ ደቅ ሲወርዱ ወለተ ሩፋኤል ከወደቡ ቆመው ይጠብቁ ነበር። ሰው በሰማበት አልጠየቁም። ቤት ገብተው በሩን ከዘጉ በኋላ ነው።

«አዩት?»

«ጥላውን አየሁ።»

«ከስቷል?»

«ፀሐይ ስትገባ ጥላው ሁሉ ረጅምና ቀጭን ነው፤ አይታወቅም» አሉ መሪጌታ። ቁጭ አሉና ቆይተው ጨመሩ። «የእኔን ቀን ነው የመረጠ፣ ወለተ ሩፋኤል። እንደማያምንበት እያወቀ፣ ለእኔ ብሎ ነው።»

ከዚያ በኋላ ወሬ ጠፋ። ከማክሰኝት ደርሶ አልፏል መባሉን ሰሙ፤ ከማክሰኝት ወዲያ ግን ያለው መንገድ ብዙ ሰው የሚበላ መንገድ ነበር። ዓመቱ እንዲህ በሰቀቀን ዞረ። መጋቢት መጣ፤ አለፈ። ሰኔ ሲገባ ሀቢባ ከመርከብ ወረደች። አሁንም ወደ ገበያው ሳይሆን ወደ መሪጌታ ቤት መጣች፤ አሁን ግን ተቀመጪ ሳይሏት ተቀመጠች።

«ሱዳን፣ ገዳሪፍ የሚመላለሱ ዘመዶች አሉኝ» አለች። «ልጅዎን አግኝተውታል። ደኅና ነው። ወረቀት አልላከም፤ አንዲት ቃል ብቻ ናት። ‹ሰባት ነው በሏቸው› ብሏል። እኔ ምን እንደሆነ አላወቅሁትም።»

መሪጌታ የሚይዙት ነገር የፈለጉ ይመስል እጃቸውን ዘረጉ፤ ወለተ ሩፋኤል ያዙላቸው።

«መቼ ነው የለካው?» አሉ ቆይተው። «ቀኑን አልነገራቸውም?»

«ነግሯቸዋል። ‹በአባቴ ቀን፣ በሃያ አምስት› ብሏል።»

ወለተ ሩፋኤል እያለቀሱ መሳቅ ጀመሩ። ሀቢባ ግራ ገብቷት አንዴ አንዱን፣ አንዴ ሌላውን ታያለች።

«ምን ያስቃል?» አለች።

«እሳቸው ዘንድሮ ግቢው መካከል ቆመው የለኩት» አሉ ወለተ ሩፋኤል፣ «በአሥራ ሁለት ነው።»